ጎን ለጎን

ሙጋድ፣ በይመር ሱቅ፣ ከጠረጴዛው ላይ፣
ሁለት ካርድ ተኝቷል፣ ወርዳቸው ሲለያይ።
አንዱ አራት ጊጋ፣ ቀጭን፣ አንገት ደፊ፤
ሌላው አሥራ ሁለት፣ በሦስት ፋን ለፍላፊ።
ያ በሰባ አምስት ዋት ያድራል ተደላድሎ፤
ይህ ሁለት መቶውን ቢጎርስም ጎደሎ።

«ዋጋው?» አልኩት። ይመር ጢሙን ዳበሰና፣
«ቆዪ፣ ዋጋው ይቆይ፤ ሥራውን እዪና…»

ፍላሼን ሰጠሁት፤ ወራት የሠራሁት
የጦሳ ጉም ነበር፣ በነጥብ የፈተልኩት።
በአርባ ደቂቃ ነው ትንሹ የጨረሰው፤
ትልቁ በዘጠኝ፤ ሱቁንም አሞቀው።
እጄን ዘረጋሁኝ ወደ ሙቅ አየሩ፤
«ለደሴ ብርድ» አለኝ፣ «ምድጃም ነው ጥሩ።»

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ባስተያይ፣
ማን የማን እንደሆን አላውቅም፤ ያው ሰማይ።

ፓወር ሳፕላዬ አይችል፣ ቦርሳዬም አይደፍረው፤
ዓይኔን ነቀልኩና፣ «ትንሹን ጠቅልለው።»

ከሱቁ ስወጣ ጉሙ ወርዶ ቆሟል፤
አስፋልቱን፣ ባጃጁን፣ ጫማዬን ሸፍኗል፤
ያለ ፋን፣ ያለ ዋት፣ ሳይቆራረጥ ያልፋል።
ፍሬሙን ስቆጥር፣ ቆሜ መንገድ መሃል፣
ባጃጁ ይጮሃል።