ኳሱ ሳይመለስ

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣
ከፎቁ ሥር፣ ሁለተኛው ምድር ቤት ጓዳ፣
መቶ ስልሳ መኪና እጠብቃለሁ፣ ግማሹ የባንክ ዕዳ።
ከላይ ቱቦው ጠብ ይላል፤ ሐምሌ እዚህ ላብ ነው፤
የወንበሬ አንዱ እግር ካርቶን ነው።

ቡሬ ላይ መምህር ነበርኩ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሒሳብ።
ዛሬ ጠመኔ የለኝም፤ አቧራ ግን እንደ ልብ፣
በረሃው በየማታው ይልካል፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ገደብ።
የነጩ ኒሳን የኋላ መስታወት ሰሌዳዬ ሆኗል፣
ባለቤቱ ለዕረፍት እንደሄደ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

ከሌሊቱ ሰባት ሲል ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤
ከኩዌት፣ ከሳልሚያ፣ ሹክሹክታ ይመጣል።
ዙርያሽ ናት። ፊቷን አላውቅም። ቁጥሬን ማን እንደሰጣት እንጃ።
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ናት፣
ማሽኑን ባዶውን ታዞረዋለች፣ ድምጿን እንዲሸፍንላት።
«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ተኝተዋል?»
«ዘበኛ ደግሞ መቼ ይተኛል?»
ትስቃለች፣ በእጇ አፏን ይዛ።
በርቀት አካውንቲንግ ትማራለች፤ ስታቲስቲክስ አንቋታል።

«ከረጢት ውስጥ አምስት ቀይ፣ ሦስት ነጭ ኳስ አለ።
አንዱ ወጣ። እሱ ሳይመለስ፣ ሌላው ተከተለ።
ሁለቱም ነጭ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው ይላል።»

በጣቴ ጻፍኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ላክሁላት፤ ቃሌን ጨመርኩበት፦
«መጀመሪያ ሦስት ለስምንት። ቀጥሎ ሁለት ለሰባት።
የወጣው ስላልተመለሰ፣ አየሽ፣ ላዕሉም ታህቱም ጎደለ፤
ኳሱን ብቻ አትመልከቺ፤ የቀረውን ከረጢት እዪ፤ ስሌቱ እዚያ አለ።
አባዢው፣ አቃልዪው፤ ሦስት ሃያ ስምንተኛ።»

«ታህቱም ጎደለ» አለች፣ ለራሷ።
ከዚያ የማሽኑ ድምፅ ብቻ፤ ውሃ ሲተፋ፣ ሲሞላ፤
«ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ቲቸር። ከመጽሐፉ አይደለም» አለች ኋላ።

«አንዲት ጀልባ ከኦቦክ ወጣች፣ ሰማንያ ሰው ጭና።
ሠላሳ አንዱ ከዳርቻ ተገኙ ይባላል፤ ስማቸው አልወጣም ገና።
እህቴ ትርንጎ አብራ ነበረች። እስከ ዛሬ አልደወለችም፤
አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። እናቴ ስልኩን ከእጇ አታወርድም።
ዕድሏ ስንት ነው?»

አቧራው ላይ ሠላሳ አንድ ጻፍኩ።
ከሥሩ መስመር። ከመስመሩ ሥር ሰማንያ።
እጄ እዚያው ቀረ።
«አልደወለችም» የሚለው ቃል ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን በቀይ ጠመኔ አሰምርበታለሁ፤
ቅድመ ሁኔታ ከተሰጠ፣ ዕድሉ እንደ በፊቱ አይሆንም።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝምታ ከሠላሳ አንዱ ላይ ስንቱን እንደሚበላ
አውቀዋለሁ። አልነገርኳትም።

በአንድ ብር ሳንቲም ነበር የማስተምረው፣ ዘውድና ጎፈር እያልኩ፤
«ሳንቲም ትናንቷን አታስታውስም» ስል ልጆቹ ይስቁ ነበር።
አሥር ጊዜ ጎፈር ብትወድቅ፣ አሥራ አንደኛው ያው እኩል ነው፤
እናት ግን ሳንቲም አይደለች፤
የወጣውን ሁሉ ስትቆጥር ነው የምታድረው።

በመጨረሻ «መረጃው አልተሟላም» ብዬ ላክሁ።
እውነት ነው። ብልጠትም ነው።
ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢያስረክበኝ ግማሽ ነጥብ እቆርጥ ነበር።

ሊነጋ ሲል መኪና አጣቢው ራፊቅ መጣ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፤
በጨርቁ አመለከተኝ፣ የኒሳኑን መስታወት አስተውሎ።
«ይሄን ተወው» አልኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤
ከጎኑ ያለውን አጠበ፣ ውሃውንም ወደዚህ አላስረጨም።

በማግስቱ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።
ሳልከፍተው ቆየሁ።
«ቲቸር፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። ኳሱ ወጥቶ ከተመለሰ ይላል፤
ታህቱ አይጎድልም ማለት ነው? ይሄኛው ይቀላል?»

ስለ ትርንጎ አላነሳችም። እኔም።
ከግራጫው ፓትሮል ላይ አዲስ አቧራ ፈለግሁ፣
ስምንት ጻፍኩ፣ ዳግመኛም ስምንት፣
«አዎ» አልኳት፤ «ይሄኛው ይቀላል።»