ሁለት መቶ አሥራ አራት

በግዳንስክ ሐዲዱ ተነቅሎ፣ አውቶቡሱ በወደቡ ዞረ፤
ቪቶልድ ስለ ልጁ ጫማ ዋጋ፣ ስለ ቀኑ ቁጥር ያስብ ነበረ።
ድንገት በመስኮቱ ያቺ አረንጓዴ መብራት፣
ሦስተኛው ፊደሏ ዛሬም የጠፋባት።
ሣጥን ውስጥ ጠርሙስ ተንቃጨለ፤
በር ተከፍቶ ጠረን ወጣ፣
እርጥብ ገብስ፣ እርጥብ ካፖርት።
እሱ ምንም አላሰበም፤ ምራቁ ግን ቀድሞት መጣ።

ውሻ የጌታውን ቁልፍ ድምፅ ከደረጃው ሥር እንደሚለይ
አንጎሉ ጭራውን ቆላ፤
ጌታው ሞቶ የለም ወይ?

«መንገድ ነው» ብላው ነበር ሐኪሟ፣
«ሣር ይበቅልበታል እንጂ አይጠፋም።»
ቪቶልድ ደወሉን አልተጫነም።
ጣቱን ግን ከላዩ አላነሣም
እስከ ድልድዩ ማዶ።

ማታ የልጁን ጫማ ሲያወልቅ
ያቺ ጣት ገና አልሞቀችም።