ትርፍ ጨርቅ

ውሃ በእኛ ሰፈር ሌሊት ነው የሚመጣ፤
ቱቦው ሲያጉረመርም ከአልጋዬ ስወጣ፣
በባትሪ ብርሃን በርሜሉን ስሞላ፣
ጀሪካን ስደረድር አንዱን ከአንዱ ኋላ፣
ሃያ ሁለት ዓመት።
የአንገረብን ግድብ ደለል እንደያዘው
ከዓይኔም ሥር ተኛ ሌሊት ያጋዘው፤
ሁለት ከረጢት።

ሥራዬ ስፌት ነው፣ አራዳ ገበያ።
ከሱቄ ግድግዳ የቁም መስታወት አለ፣
ደንበኛ ሲለካ ራሱን ማያ፤
እኔን እንዳያሳይ ማን ከለከለ?
አንዲት ሙሽራ ናት። እግሯ ሥር ጎንበስ ብዬ
ዘርፏን ስሰካላት፣
"ሰው ሞቶብዎት ነው ሲያለቅሱ ያደሩት፣ እትዬ?"
አለችኝ ከላይ ሆና።
ማንም አልሞተም።
በርሜል ስሞላ ነው ያደርኩት፣ አላልኳትም።

እቁቤ ደረሰኝ፣ በአሥራ አንደኛው ዕጣ።
ልጄ "ፍሪጅ" አለ። ምራቴ፣ "ሮቶ ይምጣ፤
ጣራው ላይ ይቀመጥ፣ ራሱ ይሙላና
እርስዎም ሌሊቱን ይተኙ በጤና።"
ልክ ናት። እኔ ግን ብሩን በነጠላ ጫፍ ቋጥሬ
ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወጣሁ ደረጃ ቆጥሬ።

ዶክተር ናሁሰናይ፣ ጢሙ ገና ያቀመቀመ፣
ከዓይኔ ሥር በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ቆመ፤
በሰማያዊ ቀለም ግማሽ ጨረቃ አሠመረ።
"ስብ ነው፣ ከቦታው የወጣ፤
ቆዳውም ትርፍ ነው፤ ይቆረጣል።"
ትርፍ።
ቃሉን አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ትርፍ አይጣል፤
ልጅ ያድግበታል ብለን ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን፣
ለኪስ፣ ለልጥፍ፣ ለአሻንጉሊት ራስ እናቆየዋለን።
ይህን ልነግረው ስል መርፌው ቀደመኝ፤
ጉንጬ የሌላ ሰው ሆነ፣ ጆሮዬ ብቻ ቀረኝ።
መቀሱን ሰማሁት። ድምፁን አልሳትኩትም፤
ሐር ነው የቆረጠው፣
ሌላ ጨርቅ እንዲህ አይልም።

ስፌቱን ግን ላመስግን። ከሽፋሽፍት ሥር ለሥር፣
ቋጠሮው የማይታይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር።
ፊቴ የክር ሳጥን ሆኖ ሰነበተ፣
ሐምራዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እያለ ሞተ።
ጥሩወርቅ በአጥር ቀዳዳ አይታኝ፣ "ባልሽ ነው?" አለች።
ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።
"አታስቂኝ፣ ይተረተራል!" ብዬ ፊቴን ያዝኩ በሁለት እጄ፤
እሷ ለሁለታችንም ሳቀች።
"ሁለት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሱ" ተብዬ ነበርና
ቱቦው ሲያጉረመርም እኔ በሁለት ትራስ ቀና ብዬ
ጀሪካን ሲጎተት እሰማለሁ በግቢዬ፤
ሲነጋ በርሜሌ ሙሉ ነው።

ክሩ ሲወጣ ሰፈሩ "ተዋበች፣ ተዋበች" አለ፤
ስሜንና ወሬውን ማን ለየ፣ ማንስ አስተዋለ?
አባቴ ይህን ስም ሲያወጣ ዕዳ መሆኑን የት አውቆ!

በኅዳር ጥሩወርቅ ሞተች።
ልደታ፣ ከሬሳው ኋላ ስሄድ እንባዬ መጣ።
ድሮ ከረጢቱ ላይ ጥቂት አረፍ ይል ነበር፣
ነጠላዬን እስክስብ ጊዜ ይሰጠኝ ነበር፤
አሁን ማረፊያ አጣ።
ቀጥ ብሎ ወርዶ አገጬ ላይ ተንጠለጠለ፣
ሕዝቡ ሁሉ እያየኝ።
"ምነው ፊቷ እንዲህ አማረ" የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ፣
በቀብር ቀን።

ትናንት፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቱቦው ጉሮሮውን ጠረገ።
ተነሳሁ። በርሜሉ ውሃ ላይ፣ በባትሪው ብርሃን፣
ፊቴ ተዘርግቷል፣ ካውያ እንደነካው ጨርቅ።
ከአጥሩ ማዶ የጥሩወርቅ ቧንቧ
ክፍቱን ተረስቶ መሬት ላይ ይፈሳል።
ሁለቱ ልጆቿ ተኝተዋል፤
ገና ናቸው፣ ከዓይናቸው ሥር ምንም የለም።
ቆርቆሮውን ገፋ አድርጌ ሾለክሁና
በርሜላቸውን ሞላሁ።