የሦስት ቀን ቦርሳ

ዕቁብ የወጣልኝ ሰሞን፣ ፋናዬ ከዱባይ መጥታ፣
ቦርሳ አስቀምጣልኝ ሄደች፣ በነጭ ከረጢት ከታ።
"ሦስት ቀን ያዢው" አለችኝ፣ "ከዚያ ወይ ገንዘቡን፣ ወይ ዕቃውን፤
ሰማንያ ሺ ላንቺ ነው፤ ሌላ ሰው አይሰማም ይህን።"

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን፣ የብርድ ልብሱ ፋብሪካ፤
የሰው ደመወዝ ስደምር፣ የሰው ጉድለት ስለካ
አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ።
ቁጥር አያስፈራኝም፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚያስተኛኝ።

ያን ሌሊት ግን ተነሥቼ፣ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ፣
ጻፍኩት፦ ስምንት ወር ደመወዝ፣ ኪራይ ከውስጡ ሳይገባ፤
አሥር የመንዝ ሙክት፣ ላቱ የሚያንገዳግደው፤
ወይም የእናቴ ጣራ፣ ሞላሌ፣ በረዶ የበሳው፣
ከነማገሩ ተለውጦ፣ ለበሩም ቀለም ሲተርፈው።
ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩ። ድምሩ ልክ ነው።

መቼም አልዋሽም፣ ያምራል።
ክሩ ከቆዳው ጠርዝ ጋር፣ ሳይቀድም ሳይቀር ይሄዳል፤
ዘለበቱ ሲዘጋ ቀጭ አይልም፤ ይተነፍሳል።
አፍንጫዬን ከትቼ ውስጡን ባሸተው፣
ያልኖርኩት ኑሮ ሸተተኝ፤ እንዴት ነው ታዲያ የማውቀው?

ዓርብ ቢሮ ይዤው ገባሁ። ስንዱ፣ ገንዘብ ያዧ፣
"አንቺ" ስትለኝ የኖረችው፣ "እርስዎ" አለች፤ ደነገጠች ራሷ።
ሁለታችንም ሳቅን። የኔ ግን ሳቅ ዘገየ፤
ያ "እርስዎ" ትንሽ ሞቀኝ። ስንት ያወጣል? ማን አየ?

ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ መልስ ነበር፣ ደብረ ሲና፤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።
ከጎኔ ሴትዮ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ይዛለች፤ ሽታው እንዳይነካው ዞርኩ፤
ቦርሳውን እንደ ጡት ልጅ ደረቴ ላይ አኖርኩ።
ጣርማበር ጉሙ ዋጠን፤ ቀጥሎ ዋሻው ጎረሰን፤
በዚያ ጨለማ ማርካ የለም፣ ወርቅ ቅብ የለም የሚለየን።
ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ጭን፣ ሁለት ክብደት ብቻ።
የሷው ሙሉ ነበር።
የኔው ውስጥ ቅርጹ እንዳይዛባ የጎሰጎሱት የወረቀት ስልቻ።

ደብረ ሲና ስንደርስ ዝናብ ቁልቁል ወረደ፤
ነጠላዬን ለሱ ገፍፌ፣ ፀጉሬ ላይ ጅረት ሄደ።
መናኸሪያው ዳር፣ ከጫማ ሰፊው ከጋሽ ወንድይፍራው ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ፤
"እስኪ ይዩልኝ፤ ስንት ያወጣል?" አልኩ።

ገለበጠው። ስፌቱን በጥፍሩ ጎተተ፤
"የሰፋው ሰው እጁ ጥሩ ነው" አለ፤ ቆዳውን አሸተተ።
"የበግ ነው። የፋሲካ ማግስት ልጆች ቆዳ ይዘው መጡ፤
አሥር ብር ብላቸው፣ ቦይ ውስጥ ወርውረውት ሮጡ።
እንግዲህ ቆዳው ይኸው፤ ለሰፊው እጅ በይ አራት ሺ፤
የተረፈው የስሙ ነው። ስምሽን እኮ ቄሱ በነፃ ነው የሰጡሽ!"

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ የኮቱን ጠርዝ ዳሰሰ፦
"ይኼን ሦስት ወር ሳልጠግብ ገዛሁት፤ የእናቴ እንባ ፈሰሰ።
ሠላሳ ዓመት ቀና ብዬ ሄድኩበት። አልጸጸተኝም።
ላንቺ ምን እንደምልሽ አላውቅም።"

ማታ መለስኩላት። ፋናዬ አልተቀየመችም፤
አዲስ አበባ ወስዳ ሸጠችው፤ ለማን እንደሁ አልነገረችም።
ሰኞ ስንዱ "አንቺ" አለችኝ፣ እንደ ወትሮው፣ ሳታየኝ፤
ትከሻዬ ግን ባዶውን ማሰሪያ ሲያስተካክል፣ ሁለት ጊዜ ያዝኩት፤ አሳፈረኝ።

ደረሰኙ ትዝ ያለኝ ከሳምንት በኋላ ነው።
ከቦርሳው የውስጥ ኪስ፣ አጥፌ የሸጎጥኩት እዚያው ነው።
ይኼኔ አንዲት የማላውቃት ሴት ቁልፏን ፍለጋ ስትዳብስ፣
ጣቷ የሚነካው አሥር የመንዝ ሙክት ነው፤
የእናቴ ጣራ ነው፣
ሁለቴ የተሰመረበት፣
ዛሬም የሚያፈስ።