ችካል ቁጥር አርባ አንድ

ኖራ በከረጢት፣ ችካል በትከሻ፣
ሥራዬ መለካት ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ።
ከአንገረብ ግድብ በላይ፣ ጽዱ ጥቅጥቅ ካለበት፣
"ለስልሳ ሰው ቦታ ይውጣ" የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ሄድኩበት።
ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ካሬ፣ ለመንገዱ ስድስት ሜትር፤
በወረቀቱ ላይ ግን የለም የዛፍ ስም፣ የወፍ ቁጥር።

ነገሩን ልንገራችሁ፣ መደበቅ ምን ይረባል፣
ከስልሳው ሰው ዝርዝር ውስጥ የእኔም ስም ተጽፏል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት፣ በሰው ጓሮ፣
ድስት እየደቀንን ለሚያፈስ ቆርቆሮ፤
አልጋ ፈትተን፣ አልጋ ገጥመን፣ ብሎኑ እስኪላላ፣
ከአራዳ ወደ አዘዞ፣ ከአዘዞ ወደ ሌላ።
ስመኝ "መቼ ነው?" ትላለች፤ ሌላ ጥያቄ የላትም፤
ለመጋረጃ የገዛችው ጨርቅ ከሻንጣ አልወጣም።

አያ እንየው የደን ጠባቂው፣ አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣
ከኋላዬ ያዘግማል፣ ቃሉን በጥርሱ ነክሶ።
ችካል በመታሁ ቁጥር ቆም ይላል፣ አፈሩን ያያል፣
በጫማው ጫፍ ይጭራል፣ ይጎነበሳል፣ ያሸታል።
"የማዝነው ለዛፉ አይደለም" አለኝ፣ "ዛፍስ ይተከላል፤
ሥሩ የያዘው አፈር ነው፣ እሱ መቼ ይመለሳል?
እታች ግድቡን እይ እስቲ፣ ደለል ያበጀውን ስፍራ፣
ድሮ ውሃ ነበር እዚያ፣ ዛሬ በግ ነው የሚሰማራ።
እዚህ ቤት ትሠራላችሁ፣ ቧንቧም ትዘረጋላችሁ፤
ክረምት አፈሩ ከወረደ፣ በበጋ ምን ትጠጣላችሁ?"

ምን ልበል? ሜትሬን ሳብኩ። ከቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛ
ዘሎ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ፍሬ ረገፈ ከዋንዛ።
"አንተስ ልጅ የለህም ወይ?" አልኩት፣ ነገሩን ላጣምም፤
ዝም አለ፤ ሰማይ አየ፤ ሳል መጣበት፤ አልቸኮለም።
"አለኝ" አለ፣ "ሙላት ይባላል፤ ኪራይ ነው፤ ሦስት ወልዷል፤
እየው ዝርዝርህን፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ተቀምጧል።"

ካንድ ድንጋይ ተቀመጥን፤ ሽንብራ ቆሎ ቆረጠምን፤
ከተማውን ቁልቁል አየን፣ ግንቡን አየን፣ ዝም አልን።
ያን ግንብ ያቆመ ኖራ፣ ስንት ጫካ ነድዶለት፣
ስንት ወይራ አመድ ሆኖ ይሆን፣ እኛ የምንኮራበት?

ከሰዓት መስመሩን ወደ ድንጋያማው አዘነበልኩ፣
ሁለት መቶውን ካሬ ወደ መቶ አርባ ቆረጥኩ።
ለአርባ አንድ ሰው በቃ ቦታው፤ ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው፤
የአሥራ ዘጠኙን ዕድል ግን ማን ነው ደፍሮ የሚነግረው?
ነገ ቢሮ "ማን ፈቀደ?" ብሎ አለቃዬ ያንባርቃል፤
እሱ ይኼን ዳገት እኮ በወረቀት ብቻ ያውቃል።

የመጨረሻዋን ችካል፣ አርባ አንደኛዋን ስመታ፣
ጫፏ ከሥር ተጋጨ፤ እጄን ነዘረኝ ለአፍታ።
"አንድ ክንድ ወደዚህ ሳባት" አለኝ። ሳብኳት። አንድ ክንድ።
ካርታ ላይ የማትታይ፣ ለሥሩ ግን ሰፊ መንገድ።

ማታ ስመኝ "መቼ ነው?" አለች፤ "ዕጣ ይወጣል" አልኳት፤
ስልሳ ሰው፣ አርባ አንድ ቦታ፤ ሂሳቡን አልነገርኳት።
ከጣሪያው ጠብ ሲል ሰማሁ፣ ተነሥቼ ድስት ደቀንኩ፤
ጣቴን ነክሬ ውሃውን፣ እንደ አያ እንየው፣ አሸተትኩ።