ሃምሳ ሎሚ

ረሆቮት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ገበያ፣
እኔ በሁለቱ መሃል፣ ደመወዝ ያላት መሸጋገሪያ።
በቀኜ ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣
በግራዬ ሊሞር፣ የዘር አማካሪዋ፣ እርሳሷን ቀስራ።

«እናትሽ?» ክብ ሳለች። በእነሱ ሥዕል ሴት ክብ ነው።
«እህትሽ?» ሌላ ክብ፤ እሱን ግን አጠቆረችው፤
ወርቂት ናት፣ በአርባ አራት ዓመቷ ያለፈችው፣
እብጠቱን ሁለት ክረምት ከባሏ የሸሸገችው።

«ከአያትሽ በላይ የምታውቂው ይኖራል?»
እንጉዳይ ሳቀች። እዚህ ክፍል ሰው መቼ ይስቃል?
«ልጄን ስድር ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤
ሰባት ያልቆጠረ ሽማግሌ ከደጃችን አይገባም።»
ቆጠረችም፤ ከጭልጋ ተነስታ፣ በወገራ አድርጋ፣
የሞተውን ከነቅጽል ስሙ፣ የጠፋውን ከነፍለጋ።
ወረቀቱ አለቀ። ሊሞር ሌላ አመጣች፣ በፕላስተር ቀጠለች፤
«ማንም እዚህ ደርሶ አያውቅም» በዕብራይስጥ፣ ለእኔ፣ ቀስ አለች።

ከዚያ ውጤቱን ከፈተች።
ብርቱዎቹ፣ እነዚያ ስም ያላቸው ሁለቱ፣ የሉም።
እንጉዳይ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ደስታው አልቆየም፤
«ግን» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ አጭር ነው።
ትንንሾቹ አሉ። ብዙ። በጎረቤትም፣ በእኔም፣ በሊሞርም ያሉ፣
ለብቻቸው ሲሆኑ ምንም የማይሉ፣
ከእናትም ከአባትም በኩል የመጡ።
«ጡት የሌለው አባቴ የጡት ሕመም በምን አወረሰኝ?»

እንዴት ልተርጉመው? «ግድፈት» አልኩ።
«ፈጣሪ አይገድፍም» ብላ ገሰጸችኝ፤ አፈርኩ።
«እሺ፣ እንደ ሆሄ ነው፤ ፀሐይን በየትኛውም ጸ ብትጽፊው
ያው ትወጣለች፣ ያው ትጠልቃለች፤ ልዩነቱ…»
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ።»
ዝም አልኩ። ሊሞር እኔን አየች። ከታች ሻጩ ይጮሃል።
እንጉዳይ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጥቂት ቆይታ፦
«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ።
እሱን ነው የምትለው?»
እሱን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈለግኩት።
«እና እኔ ስንት ሎሚ ነው የተሸከምኩት?»

ሊሞር ቁጥሩን ሳትናገር እርሳሷን አስቀመጠች።
ሚዛኑ፣ አለች፣ የተሠራው በሌሎች ሴቶች ነው፣
ይበልጡን ዘራቸው ከአውሮፓ በሆነ።
የእናንተ ሎሚ ስንት እንደሚመዝን ገና በደንብ አናውቅም፤
ቁጥሩ አለ፣ ግን አልምልበትም።
ለጥናቱ ደም ብትሰጪን ምናልባት…

ደም።
ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ያኔ እኔ ሕፃን ነበርኩ፤
እንጉዳይ ግን ክንዳቸውን ከዘረጉት አንዷ ናት፣
ደሟን በምስጋና ተቀብለው በኋላ በር እንደጣሉት
ከጋዜጣ የሰማች፣ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ የጮኸች።
ይህን አልተረጎምኩም። ሊሞር ግን አንገቷን ደፋች።

እንጉዳይ እጅጌዋን ሰበሰበች።
«ንገሪያት፤ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ብቻ እንዳትለጥፍ።
ስሜን ትጻፍ፤ የእናቴን፤ የእናቷን፤ እስከ ሰባት።
ያኔ ለመጣል እጅ ይከብዳል።»
ወረቀቷ ጠባብ ነበረች። ሊሞር እስከ ሦስተኛው ጻፈች፣
የቀሩትን በጎን፣ በደቃቁ፣ «ጭ» የሚለውን እያጣመመች።

የጡት ራጅ ማክሰኞ ጠዋት።
ደረጃውን ስንወርድ ጥጥ የተጫነበትን ክንዷን ይዣለሁ።
«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»
አሥራ አራት።
«የእሷንስ ማን ይቆጥራል?»
ሎሚ ሻጩ ጠራን። አልገዛንም።