አልነሳ አለ

ናሪን ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፤
ወንዙ ሲጨስ ያድራል፣ ውርጩ ነው የሚያጨሰው።
ላዳችን በረቱ ጥግ፣ ባረጀ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት ጀሪካን ወተት አዝሎ፣
ቁልፉን ባዞርሁት ጊዜ «ቀጭ» አለና ዝም።
ደገምሁት። «ቀጭ»። ሠለስሁት። ምንም።

አልነሳ አለ።

ቤት ውስጥም አንድ አለ፣
የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ ወዲህ አልነሳ ያለ፤
ፊቱን ወደ ግድግዳው ምንጣፍ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣
የማዕድኑ ጉድጓድ ሲዘጋ አብሮ ተዘግቶ።
ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል ኩባት።
«ምንህን ነው የሚያምህ?» አልሁት አንድ ሰሞን፤
«አላወቅሁም» አለኝ። እውነቱን።

የላዳው ግን ይታወቃል። መታወቅ አለበት።
ብረት ነው፤ ብረት ኩራት የለው፣ ምስጢር የለበት።

ኮፈኑን ስከፍት እስትንፋሴ ብረቱ ላይ ረጋ፤
ሽማግሌው ቤክቴሚር በአጥሩ ቀዳዳ ተጠጋ።
የጋራ እርሻው ትራክተር መካኒክ ነበር ድሮ፤
እርሻው ፈረሰ፣ ምክሩ ግን ተርፏል እስከ ዘንድሮ።
«ካንዴላው ነው» አለ። ፈትቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነው።
«እንግዲያስ ቤንዚኑ ነው፣ ውኃ ገብቶት በረዶ የሆነው።»
ቱቦውን ሳብሁት፤ ቤንዚን አፌን ሞላ፣ ምላሴ ተቃጠለ።
«ካልሆነማ ቦቢናው! ካልሆነማ…» ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ፤
ሳይከሰስ የቀረ አንድ ብሎን አልነበረ።
መሐል ላይ ወደ አንድ የጥንት ውርጭ ተሻገረ፣
በረዶ ስለዋጠው ትራክተር ሊተርክ ጀመረ።

ወተቱ ከጠርዙ መጠጠር ያዘ።
ተቀባዩ መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤
ማንን ጠብቆ ያውቃል?

ባትሪውን ሌሊቱን ምድጃው አጠገብ አሳድሬዋለሁ፤
እንደ ሕፃን አቅፌ አምጥቼ መልሼ አስሬዋለሁ።
መብራቱን ሞከርሁ፤ በራ። ቁልፉን ሳዞር ጠፋ።
ጉልበትስ አለው፤ ታዲያ በየት በኩል ተደፋ?

ያኔ ነው የራስጌው መስኮት የተንኳኳው።
ከውስጥ። በጣት ጫፍ። አንድ ጊዜ።

«ሳይራጉል» አለኝ ከመስታወቱ ወዲያ፣
ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ።
«ሽማግሌውን ተዪው። ሞተሩ ሳይዞር
ካንዴላ ምን ያደርጋል? ስሰማው ነበር።
ማሳው ነው። ማሳውን እዪ።»
መጋረጃውን ለቀቀው።

ማሳ፦ ከባትሪው ተነስቶ ገላው ላይ የሚታሰር ጥቁር ገመድ፤
እሳቱ ሠርቶ ሲደክም የሚመለስበት መንገድ።
መመለሻ ከሌለው፣ ለካ፣ ጉልበትም አይወጣም ከቤቱ።

ጓንቴን አውልቄ ዳበስሁ። ብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት፣
ገመዱ ሲነኩት የሚወዛወዝ እንደ ወተት ጥርስ።
በቢላ ፋቅሁት፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት፣ ብረቱ እስኪስቅ፤
«እኔም ልለው ነበር» አለ ቤክቴሚር፣ ሳይሳቀቅ።
በአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አጠበቅሁት፤
የጣቴን ቆዳ እዚያው ብረቱ ላይ ተውሁት።

ቁልፉን አዞርሁ።
አቃሰተ፤ ሳለ፤ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ወደቀ፤
ደግሞ ሳለ፤ ከዚያ ጭሱን በረቱ ላይ ለቀቀ፤
ተነሳ።

ላሟ ደነበረች። ቤክቴሚር የሱፍ ቆቡን አወለቀ፣
ብርዱ ትዝ ሲለው መልሶ አጠለቀ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ጣቴን ልጠቀልል ቤት ገባሁ።
ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።
ከብርድ ልብሱ ጫፍ ግን አንድ እግሩ ወጥቷል፣
ቦቲ ጫማ አጥልቋል።
ሌላው ባዶውን ነው።

«ማሳው ነበር?»
«ማሳው ነበር።»
«መልሶ ይዝጋል። ግራሶ ቀቢው።»

የቀረውን ቦቲ ከምድጃው ሥር አንስቼ
አልጋው አጠገብ አቆምሁት፤
ሌላ ቃል አልተናገርሁት።
ወጣሁ። ወተቱ ይረፍድበታል።